ስታዲየሙ ሲዘጋ ከክፍል የወጣው አልበም፦ የቢቲኤስ «ቢ» እንዴት ተሰራ፣ እንዴትስ ወጣ

«ላይፍ ጎዝ ኦን» ሚለው ዘፈን ክሊፕ ውስጥ ቪ፣ ከኮሪያው ባንድ ከቢቲኤስ ሰባት ልጆች አንዱ፣ መኪና እየነዳ ነው። ወደ ውጪ ያያል፣ ከመንገዱ ወዲያ ያለው ትልቅ ክብ ህንጻ ደግሞ ሴኡል ያለው የጃምሺል ኦሊምፒክ ስታዲየም ነው። ይሄን ካላወቃችሁ በቃ አንድ ልጅ መኪና ሲነዳ ነው ምታዩት፣ ካወቃችሁ ግን ሆድ ይበላል፣ ምክንያቱም እዛ ስታዲየም ውስጥ ኤፕሪል 11, 2020 የአለም ቱራቸው ሊጀመር ነበር፣ አራት ምሽት እዛው ሴኡል፣ ከዛ ቀጥታ አሜሪካ፣ ከዛ አውሮፓ ምናምን እያለ ሚቀጥል። አልተጀመረም። ኮሮና መጣ፣ ስታዲየሙ ተዘጋ፣ ሰባቱም ልጆች ቤታቸው ገቡ፣ እና ከሰባት ወር በኋላ «ቢ» ሚባል ስምንት ትራክ ያለው አልበም ይዘው ወጡ።

እኔ አርሚ (የቢቲኤስ ደጋፊ ማለት ነው) አይደለሁም፣ ቅድሚያ ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ናት አርሚ፣ እሷ ስታወራ ስታወራ ነው ጆሮዬ የገባው። ግን ሙዚቃ እንዴት ተሰርቶ እንዴት እንደሚሸጥ ነገር ስለሚመስጠኝ ይሄን አልበም ጉዳዬ ብዬ ተከታትዬዋለሁ፣ ምክንያቱም እንደኔ እምነት የኬ-ፖፕ፣ ማለትም የኮሪያ ፖፕ፣ ማሽን ውስጡ ምን እንደሚመስል በደንብ ያየነው ማሽኑ የቆመ ጊዜ ነው። (ቀኖቹን በፈረንጆች ነው የጻፍኩት፣ ከኛ ጋር እያቀላቀልኩ ላዞራችሁ አልፈለኩም።)

መጀመሪያ ማሽኑ ሲሰራ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለብን። ፌብሩዋሪ 21, 2020፣ ማለትም «ቢ» ከመውጣቱ ዘጠኝ ወር በፊት፣ «ማፕ ኦፍ ዘ ሶል፡ 7» ሚለውን አልበም ለቀቁ። ከመውጣቱ በፊት ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮፒ ታዟል። አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ ሳምንቱ 422,000 አልበም ያክል ተቆጥሮለት ቢልቦርድ 200 ላይ፣ የአሜሪካ የአልበም ደረጃ ነው፣ አንደኛ ገባ። ዋናው ዘፈን «ኦን» ደግሞ ማርሽ ባንድ ያለበት፣ ደርዘን ዳንሰኛ ሚፈልግ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ካልተሰራ ማይበቃው አይነት ነገር ነው። ያ ዘፈን ክፍል ውስጥ በኢርፎን እንዲሰማ አልተሰራም፣ 50 ሺ ሰው አብሮ እንዲጮህበት ነው የተሰራው። ኬ-ፖፕ ላይ አልበም ማለት ግማሹ የቱሩ መጥሪያ ነው ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም፣ አልበሙ ይወጣል፣ ልጆቹ ሁለት ሶስት ሳምንት ቲቪ ላይ እየዞሩ ይሰሩታል (ከምባክ ሚሉት ይሄን ነው)፣ ከዛ ቱር፣ ከዛ የቱሩ ዲቪዲ፣ ቲሸርት፣ በእጅ ሚያዝ መብራት፣ ሁሉም እዛው ስታዲየሙ ላይ ነው ሚሸጠው።

እና አልበሙ በወጣ በአንድ ሳምንቱ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ፣ የሴኡሉ ኮንሰርት ተሰረዘ ተባለ። ከ200,000 በላይ ሰው ይመጣል ተብሎ ሚጠበቅ ኮንሰርት ማለት ነው። ኤፕሪል ላይ ደግሞ ቱሩ በሙሉ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። (በኦፊሴል «ቀርቷል» የተባለው ግን ኦገስት 2021 ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ቲኬቱን ይዞ ሲጠብቅ ነበር።) ካምፓኒው፣ ያኔ ቢግ ሂት ነው ስሙ አሁን ሃይብ፣ በዛን ሰዓት ስቶክ ማርኬት ሊገባ እየተዘጋጀ ነው፣ እና ከገቢው ውስጥ 2020 የመጀመሪያው ግማሽ አመት ላይ 87.7 ከመቶው ከነዚህ ሰባት ልጆች ነበር ሚመጣው። አንድ ላም ብቻ ያለው ቤት ማለት ነው፣ እና ላሟ ከበረት መውጣት አልቻለችም።

ታዲያ ምን አደረጉ? ኤፕሪል 18 እና 19፣ ልክ ጃምሺል ሊሆኑባቸው የነበሩት ቅዳሜና እሁድ ላይ፣ የድሮ ኮንሰርቶቻቸውን ዩቲዩብ ላይ በነጻ ለቀቁ። ስሙን «ባንግ ባንግ ኮን» አሉት። «ባንግ» በኮሪያኛ ክፍል ማለት ነው፣ ስለዚ ክፍል ክፍል ኮንሰርት እንደማለት፣ ከክፍልህ ሆነህ ሚታይ። ጁን 14 ላይ ደግሞ ያንኑ ስም ይዘው በክፍያ ላይቭ ሰሩ፣ በአንዴ 756,000 ሰው አየው። እኔ ያኔ ገንዘብ መልቀሚያ መላ ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። በኋላ አልበሙን ስሰማ ነው ያ ስም፣ ክፍል ሚለው ነገር፣ ዝም ብሎ እንዳልመጣ የገባኝ፣ አልበሙ ራሱ ስለ ክፍል ነው።

ከመጀመሪያው ባንግ ባንግ ኮን አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 17፣ ሊደሩ አርኤም ዩቲዩብ ላይ ላይቭ ገብቶ አዲስ አልበም እያዘጋጀን ነው፣ አሰራሩንም እናሳያችኋለን አለ። ይሄን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። ኬ-ፖፕ ላይ አልበም ሚስጥር ነው። ቀኑ ሳይደርስ ስሙም አይታወቅም፣ ፎቶው በደቂቃ ተቆጥሮ ነው ሚለቀቀው፣ ደጋፊውም የጸጉር ቀለም አይቶ ነው «ከምባክ ደርሷል» እያለ ሚተነብየው (የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ነቢይ ናት)። እነዚህ ግን ገና ምንም ዘፈን ሳይኖር «ጀምረናል» አሉ። ከዛ በየሳምንቱ አንዱ ይመጣና ላይቭ ይገባል፣ አንዱ ስዕል ይስላል፣ አንዱ ስለ ዘፈን ያወራል፣ ስብሰባቸውንም ቀርጸው ለቀቁ፣ ጠረጴዛ ከበው ቁጭ ብለው ማን ምን ይስራ እያሉ ሲከራከሩ።

እዛ ስብሰባ ላይ ስራ ተከፋፈሉ። ጂሚን የሙዚቃው ፕሮጀክት ማናጀር ሆነ፣ ማለትም የስድስቱን ሃሳብ ሰብስቦ ካምፓኒው ጋር ሚነጋገረው እሱ ነው፣ እንደ እድር ጸሃፊ በሉት። ቪ ቪዥዋሉን ያዘ፣ ፎቶው ምን ይምሰል ሚለውን። ጁንግኩክ የዋናውን ዘፈን ክሊፕ ዳይሬክት አደረገ፣ ያ መግቢያዬ ላይ ያወራሁት የመኪና ነገር የሱ ነው። ለኮንሴፕት ፎቶው (አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ለማስተዋወቅ ሚለቀቀው) ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ክፍል ዲዛይን አደረጉ፣ ጄ-ሆፕ ክፍሉን በስኒከር ሞላው፣ ጂን በጌጣጌጥ፣ ቪ ቫዮሊን ይዞ ስዕል መሃል ተቀመጠ። እዚህ ጋር ጠርጣሪ መሆን ይቻላል፣ ካምፓኒው ጀርባ ላይ ስንት ሰው እንደሰራ እናውቃለን፣ አንድ የ23 አመት ዘፋኝ ብቻውን ክሊፕ አይሰራም። ግን ውጤቱ ላይ ይታያል። የሌላ ጊዜ ክሊፓቸው ለቀረጻ ተብሎ በተሰራ ቤት ውስጥ ነው፣ ግዙፍ ግድግዳ፣ እሳት፣ ሚስጥራዊ ምልክት፣ ደጋፊው ሶስት ቀን ቁጭ ብሎ ቲዎሪ ሚጽፍበት። የዚህኛው ክሊፕ ላይ ፒጃማ ለብሰው ሶፋ ላይ ተኝተው ጌም ይጫወታሉ። ቲዎሪ ሚባል ነገር የለም። ሲያልቅ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ መድረክ ላይ ቁጭ ብለው ይዘፍናሉ፣ ፊታቸው ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ።

ግን መሃል ላይ ያላሰቡት ነገር ገባ። አልበሙ ገና እየተሰራ ኦገስት 21 ላይ «ዳይናማይት» ወጣ። ይሄን ዘፈን ማያውቅ ያለ አይመስለኝም፣ ካፌ ውስጥም ታክሲ ውስጥም ሰምታችሁታል። ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የሰሩት የመጀመሪያ ዘፈናቸው ነው፣ የጻፉትም ልጆቹ አይደሉም፣ ዴቪድ ስቱዋርት እና ጄሲካ አጎምባር ናቸው። ዩቲዩብ ላይ በመጀመሪያው 24 ሰዓት 101 ሚሊዮን ጊዜ ታየ፣ ከዛ ቢልቦርድ ሆት 100 ላይ፣ የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ነው፣ አንደኛ ሆኖ ገባ፣ ከኮሪያ የመጣ ባንድ እዛ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ስንት አመት በኮሪያኛ ሲያንኳኩት የነበረ በር በእንግሊዝኛ በአንዴ ተከፈተ ማለት ነው።

አሁን የሪከርድ ካምፓኒ ሃላፊ ብትሆኑ ቀጣዩ ነገር ምንድነው? ሌላ ዳይናማይት ነዋ። እንግሊዝኛ፣ ዲስኮ፣ ቀለም በቀለም። ሰው ምን እንደሚፈልግ ታውቋል፣ አሜሪካ ሬዲዮም በሩን ከፍቷል። እነሱ ግን ለአልበሙ ዋና ዘፈን ያደረጉት «ላይፍ ጎዝ ኦን» ነው፣ ቀስ ያለ፣ በጊታር የሚሄድ፣ ከኮረሱ ትንሽ እንግሊዝኛ በስተቀር ኮሪያኛ፣ ዳንስ የሌለው ሚባል። አንድ ቀን አለም ቆመ፣ ጸደይ ግን መምጣቱን አላቆመም ሚል መንፈስ ያለው ዘፈን። ይሄ ውሳኔ ነው እንደኔ የዚህ ጉዳይ ልብ፣ እና ወደ ቁጥሩ ስንሄድ እመለስበታለሁ።

ሌሎቹን ዘፈኖች ባጭሩ ላስቃኛችሁ ብዬ ነበር ግን ማጠር ሚችሉ አይመስለኝም። ሁለተኛው «ፍላይ ቱ ማይ ሩም» ነው፣ የኮሪያኛ ርዕሱ ክፍሌን ሚጓዙበት መንገድ እንደማለት ነው። ሱጋ፣ ጄ-ሆፕ፣ ጂሚንና ቪ ብቻ ናቸው ያሉበት። ቱር የቀረበት ሰው ክፍሉን ሲዞረው፣ ጠረጴዛው እንደ አየር ማረፊያ፣ አልጋው እንደ ሌላ አገር። ኮሮና ጊዜ ቤት ተቀምጣችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ቆጥራችሁ ምታውቁ ከሆነ ይገባችኋል። አምስተኛው «ቴሌፓቲ» የሱጋ ዘፈን ነው፣ የኮሪያኛ ስሙ «ለጊዜው» አይነት ነገር ነው፣ ሳንገናኝም አንድ ነን ሚል፣ ቀለል ያለ ፈንክ። «ስቴይ» ደግሞ ጁንግኩክ፣ አርኤምና ጂን የሰሩት ኤሌክትሮኒክ ነገር ነው፣ ስታዲየም ይናፍቃል ይሄኛው፣ ያስታውቅበታል።

ሁለቱ ግን ለብቻ መወራት አለባቸው። አንዱ «ብሉ ኤንድ ግሬይ» ነው፣ ቪ ለራሱ ሚክስቴፕ (ለብቻው ሊያወጣው ላሰበው ስራ) ሰርቶ ያስቀመጠው ዘፈን ነበር፣ ልጆቹ ሲሰሙት አልበሙ ላይ ካልገባ ተባለ፣ ሰጣቸው። ዘፈኑን የጻፈው ስራ በዝቶበት ውስጡ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው። እና እንደ ቦይ ባንድ ዘፈን አታስቡት፣ በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ፈገግ ለማለት ሚሞክር ነገር እንኳን የለበትም። ኬ-ፖፕ ውስጥ ልጆች ከዛ ጫና የተነሳ ምን ምን እንደደረሰባቸው ሁላችንም ሰምተናል፣ እና ትልቁ ባንድ ትልቁ ሰዓቱ ላይ ይሄን መዝፈኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው «ዲዚዝ» ነው፣ ጄ-ሆፕ የመራው። ኮሪያኛው ርዕስ «ብዮንግ» ነው፣ በሽታ ማለት። ነገርየው እንዲህ ነው፦ እረፍት ተሰጠኝ፣ ግን ማረፍ አልቻልኩም፣ ቁጭ ስል የሆነ ጥፋት ያጠፋሁ ይመስለኛል፣ ይሄ በሽታ አይደል ወይ ሚል። ቢቱ ደግሞ ሂፕ ሆፕ ነው፣ ያስጨፍራል፣ ስለ በሽታው ሲያወራ እየሳቀ ነው። እኔ ይሄን ዘፈን ስሰማ ነው ማሽኑ ያልኩት ነገር ፍንትው ብሎ የታየኝ። 2013 ላይ ዴቢው ካደረጉ (የመጀመሪያ ስራቸውን ይዘው ከወጡ) ጀምሮ ሰባት አመት ሙሉ ቀናቸው በሰው ተደልድሎ ነው የኖሩት፣ መጀመሪያ ጊዜ ፕሮግራሙ ባዶ ሲሆን እግራቸው አሁንም ይሮጣል። እንደ አልበም ግብአት ካያችሁት ይሄ ሚገዛ ነገር አይደለም፣ ቱሩ ቢኖር ኖሮ ይሄ ዘፈን አይኖርም ነበር።

መሃል ላይ «ስኪት» አለ፣ ዘፈን አይደለም፣ ወሬ ነው። ዳይናማይት አንደኛ መሆኑ በተሰማ ጊዜ ሲንጫጩ የተቀዳ ነው፣ እየተሳሳቁ፣ እየተቋረጡ። ትርጉም ሳያስፈልገው ይገባል። ከሱ በፊት ያለው «ብሉ ኤንድ ግሬይ» ነው፣ ያን ሁሉ ሃዘን ሰምታችሁ ሳታበቁ ጫጫታው ይመጣል፣ እና ይሄ አቀማመጥ በጣም ጎበዝ ሰው ያሰበው ነው።

ኦክቶበር ወር ለብቻው ድራማ ነው። 10 እና 11 ላይ ኦንላይን ኮንሰርት ሰሩ፣ ከ191 አገር 993,000 ሰው ከፍሎ አየው። በዛው ሳምንት ቻይና ላይ ውዝግብ ተነሳ። አርኤም በአሜሪካና በኮሪያ ግንኙነት ላይ ሚሰጥ አንድ ሽልማት ሲቀበል፣ ኦክቶበር 7 ላይ፣ የኮሪያ ጦርነትን አንስቶ ሁለቱ አገሮች አብረው ያዩትን መከራና መስዋዕትነት እናስታውሳለን አይነት ነገር ተናገረ፣ የቻይና ኢንተርኔት «የኛስ ወታደር?» ብሎ ተነሳ፣ ሳምሰንግ ሳይቀር የቢቲኤስ ስልኩን ቻይና ካሉት ኦንላይን ሱቆች አነሳ። እዚህ ጋር አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ የኛ ቃኘውም እኮ እዛ ነበር፣ ከ16 ተዋጊ ሰራዊት ከላኩ አገሮች አንዷ እኛ ነን፣ ቹንቾን ላይ ሃውልት አላቸው፣ እና ያን ሰሞን እኛ ቤት አያታችን «ስለ ኮሪያ ዘመቻ ነው እንዴ ሚጣሉት?» ብለው ቲቪ ድምጽ አስጨመሩ፣ ከዛ ጸጉሩን ቀለም የተቀባ ልጅ ሲያዩ ትተውት ሄዱ።

ለካምፓኒው ግን ቀልድ አልነበረም፣ ውዝግቡ የጦዘው 12 አካባቢ ነው፣ ስቶክ ማርኬት ሚገቡት 15። አንዷ ላም ያልኩት ለዚህ ነው። የአክሲዮኑ መነሻ ዋጋ 135,000 ዎን ነበር፣ በመጀመሪያው ቀን በእጥፍ በ270,000 ተከፈተ፣ ወደ ላይ ተተኮሰ፣ ከዛ ወርዶ 258,000 ላይ ዘጋ። መስራቹ ባንግ ሺ-ህዩክ ከዛ በፊት ለሰባቱም ለእያንዳንዳቸው 68,385 አክሲዮን ሰጥቷቸው ነበር። አሁን እናንተ አክሲዮን ገዝታችኋል እንበል፣ ቱር የለም፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ወታደር ሊገቡ (ኮሪያ ውስጥ ለወንድ ግዴታ ነው) እድሜያቸው እየደረሰ ነው፣ ዋጋው በቀጣዮቹ ቀናት እየወረደ ነው፣ እና ከአምስት ሳምንት በኋላ አልበም ይወጣል። ያ «ፒጃማ ለብሰን ቤት ውስጥ የሰራነው» ሚባል አልበም ጀርባ ላይ ምን አይነት ሸክም እንደነበር አስቡት።

ኖቬምበር 20, 2020፣ አርብ፣ ወጣ። ሰዓቱ ላይ ትንሽ ላቁማችሁ። ድሮ አልበም ሚለቁት በኮሪያ ሰዓት ምሽት 18:00 ላይ ነበር፣ ፌብሩዋሪ ላይ የወጣውም እንደዛ ነው። ይሄኛው ግን 14:00 ላይ ወጣ። ለምን ካላችሁ፣ 14:00 ሴኡል ማለት ኒውዮርክ እኩለ ሌሊት ነው፣ የአሜሪካ ቻርት ሳምንቱ ደግሞ ከአርብ እኩለ ሌሊት ይጀምርና ሃሙስ ያልቃል፣ ስለዚ አንዲት ሰዓት እንኳን ሳትባክን ሰባት ቀን ሙሉ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ላይ ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጠዋት 2 ሰዓት። እነሱ ጋር ከምሳ በኋላ 2፣ እኛ ጋር ጠዋት 2። የአክስቴ ልጅ ዳታ ገዝታ፣ ቻርጅ አድርጋ፣ ቁርስ አልበላም ብላ ስትጠብቅ እናቷ «ፈተና አለሽ እንዴ?» አሏት።

እቃው ላይም ለውጥ ነበር። ኬ-ፖፕ አልበም አብዛኛውን ጊዜ በሶስት አራት አይነት ሽፋን ነው ሚወጣው፣ ዘፈኑ አንድ ነው፣ ፎቶ ቡኩና ፎቶካርዱ (የልጆቹ ፎቶ ያለበት ትንሽ ካርድ) ይለያል፣ ደጋፊው ሁሉንም ለማግኘት አራቱንም ይገዛል። ፌብሩዋሪ የወጣው አራት አይነት ነበር። «ቢ» ግን አንድ ብቻ ነው፣ ዴሉክስ ኤዲሽን ተብሎ፣ ወፈር ያለ፣ ወደድ ያለ፣ በገደብ የተመረተ። ኮሪያ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የአክስቴ ልጅ ኮፒ ከዱባይ በሰው ሻንጣ ነው የመጣው፣ ከሽቶና ከጫማ ጋር፣ እና ያመጣችው ሴትዮ «ይሄን ሁሉ ኪሎ የያዘው መጽሃፍ ነው?» ብላ ተቆጥታ ነው የሰጠቻት።

በዛው ቀን ሴኡል ዶንግዴሙን ዲዛይን ፕላዛ ላይ ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጡ፣ ስድስት ሆነው። ሱጋ የለም። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ትከሻውን ኦፕሬሽን ሆኗል፣ ትሬኒ (ገና ሰልጣኝ) እያለ በሞተር እቃ ሲያደርስ በአደጋ የተጎዳው ትከሻ ነው፣ ስንት አመት ተሸክሞት ዞሯል። ሰባቱም ቤት በገቡበት አመት ነው ጊዜ አግኝቶ የታከመው፣ ያው «ዲዚዝ» ላይ ያልኩት ነገር። ኖቬምበር 22 ላይ ለአሜሪካን ሚውዚክ አዋርድስ «ላይፍ ጎዝ ኦን»ን ሲሰሩም አልነበረም። የት ሆነው እንደሰሩት ግን ገምቱ፣ ጃምሺል። ያው ስታዲየም፣ ባዶውን። ዲሴምበር 6 ላይ ማማ ሚባለው የኮሪያ ሙዚቃ ሽልማት ላይ ደግሞ ሱጋን በኮምፒውተር ሰርተው መድረኩ ላይ አመጡት፣ በር ከፍቶ ሲገባ። እኔ ያ አልተመቸኝም፣ ሰውዬው ቤቱ ተኝቶ ምስሉ ሲሰራ፣ ምን ይባላል፣ ግን የአክስቴ ልጅ አለቀሰች፣ ስለዚ ሰርቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ቢልቦርድ ውጤቱን አወጣ። አልበሙ በ242,000 አንደኛ፣ ከዛ ውስጥ 177,000ው በቀጥታ የተሸጠ አልበም ነው። ዘፈኑ «ላይፍ ጎዝ ኦን» ደግሞ ሆት 100 ላይ አንደኛ፣ ቻርቱ በ1958 ከተጀመረ ጀምሮ በአብዛኛው በኮሪያኛ የተዘፈነ ዘፈን እዛ ሲቀመጥ የመጀመሪያው። ዳይናማይትም ተመልሶ ሶስተኛ ወጣ፣ «ብሉ ኤንድ ግሬይ» 13ኛ። አልበምና ዘፈን በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ቻርት አንደኛ ሆኖ መክፈት ከነሱ በፊት የቻለችው ቴይለር ስዊፍት ብቻ ናት።

ግን ውስጡን እንየው። ዘፈኑ 150,000 ተሸጧል፣ 14.9 ሚሊዮን ጊዜ ስትሪም ተደርጓል። ሬዲዮስ? የደረሰው አድማጭ 410,000 ብቻ። ለአሜሪካ ሬዲዮ ይሄ ምንም ማለት ነው፣ አንደኛ ሚወጣ ዘፈን በአስር ሚሊዮኖች ነው ሚቆጠርለት። ማለትም ሬዲዮው ዳይናማይትን በእንግሊዝኛ ሲሆን አጫውቶ፣ ኮሪያኛ ሲመጣ በሩን መልሶ ዘጋ። እና በሚቀጥለው ሳምንት ዘፈኑ ከ1 ወደ 28 ወደቀ።

በዚህ ነው ሰው ሚጣላው። አንዱ ወገን «ደጋፊ ገዝቶ ነው ያወጣው፣ ህዝብ አያውቀውም» ይላል፣ ሌላው «ሬዲዮው ዘረኛ ነው» ይላል። እኔ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል ባይ ነኝ። አዎ፣ ገዝተው ነው፣ ተደራጅተው፣ ስንት ዳውንሎድ ከየት እንደሚቆጠር በቃል ሚያውቁ ልጆች ናቸው፣ የቻርቱን ህግ ከቻርቱ ሰዎች በላይ ያውቁታል። ግን ሬዲዮም እኮ ዝም ብሎ የህዝብ ጆሮ አይደለም፣ ካምፓኒዎች ሰው ቀጥረው፣ ግንኙነት ገንብተው ዘፈን ሚያስገቡበት በር ነው፣ ያም መግዛት ነው በሌላ መንገድ። ልዩነቱ አንዱን ደጋፊው ከኪሱ ይከፍላል፣ ሌላውን ካምፓኒው። እና ካምፓኒው ይሄን ሁሉ ሲያሰላ ያውቅ ነበር ብዬ ነው ማስበው፣ ዳይናማይት ለሬዲዮ፣ «ላይፍ ጎዝ ኦን» ለደጋፊው። ሰዓቱን ለኒውዮርክ እኩለ ሌሊት ያስተካከለ ሰው ሬዲዮ ኮሪያኛ እንደማያጫውት አይጠፋውም። ያም ሆኖ ቀስ ያለ የኮሪያኛ ዘፈን ይሁን ማለት ስሌት ብቻ አይመስለኝም፣ ሚያዋጣው ስሌት ሌላ ዳይናማይት ነበር። (በሚቀጥለው አመት «በተር»ን አወጡ፣ እንግሊዝኛ፣ ለአስር ሳምንት አንደኛ ሆነ፣ ስለዚ ስሌቱን ትተውት አልነበረም፣ አቆይተውት ነበር።)

ያልወደድኩትም አለ፣ ካልተናገርኩ ደግሞ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። ዳይናማይት አልበሙ መጨረሻ ላይ መቀመጡ አይገባኝም። ሰባት ትራክ ሙሉ ክፍል ውስጥ አስቀምጠውህ፣ አልጋ፣ መስኮት፣ ትካዜ፣ ከዛ ድንገት ዲስኮ። ከ«ስቴይ» በኋላ ስለመጣ ትንሽ ይለሳለሳል፣ ግን ያው የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል፣ ለቁጥር ነው የገባው። ሁለተኛው ደግሞ ፌብሩዋሪ 19, 2021 ላይ «ኢሴንሻል ኤዲሽን» ብለው ያንኑ ዘፈን በሌላ ፓኬጅ ድጋሚ አወጡት። አንድ አይነት ብቻ ነው ብዬ ሳመሰግናቸው የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ሶስት ወር ነው የቆየው። የአክስቴ ልጅ «ስጦታ ነው» አለችኝ። ስጦታ ይገዛል እንዴ አልኳት፣ አኮረፈችኝ።

አልበሙ በወጣ በአራተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 24፣ ዳይናማይት ለግራሚ ታጨ፣ ለኬ-ፖፕ የመጀመሪያው (አላሸነፉም፣ ሌዲ ጋጋና አሪያና ግራንዴ ወሰዱት)። ዲሴምበር 1 ላይ ደግሞ የኮሪያ ፓርላማ የውትድርና ህጉን አሻሻለ፣ ለአገር ስም ያስጠሩ የፖፕ አርቲስቶች እስከ 30 አመታቸው ማዘግየት ይችላሉ አለ። ጂን 28 ሚሞላው ዲሴምበር 4 ነው። ሶስት ቀን ሲቀረው። ያ ህግ ባይኖር ከዛ በኋላ ያየናቸውን ሁለት አመታት ሰባት ሆነው አያልፉትም ነበር፣ ጂን የገባው ዲሴምበር 2022 ነው።

ዘፈኖቹ ግን ሰው ፊት ሳይዘፈኑ ቆዩ። ለስታዲየም የተሰራው «ማፕ ኦፍ ዘ ሶል፡ 7» የራሱን ቱር ሳያይ ቀረ፣ ለክፍል የተሰራው «ቢ» ደግሞ ከአንድ አመት በኋላ ኖቬምበር 27, 2021 ሎስአንጀለስ ሶፋይ ስታዲየም ገባ፣ አራት ምሽት፣ 214,000 ቲኬት። «ብሉ ኤንድ ግሬይ»ን፣ ያን አንገት ሚያስደፋ ዘፈን፣ 50 ሺ ሰው መብራት ይዞ ሲሰማው ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት።

ጃምሺልስ? ማርች 10, 2022 ተከፈተላቸው። ከዛ ተሰርዞ ከቀረው ኮንሰርት ሁለት አመት ሊሞላ ወር ሲቀረው ማለት ነው። መንግስት በምሽት 15,000 ሰው ብቻ ፈቀደ፣ በየመሃሉ ወንበር ክፍት እየተተወ፣ ማስክ ግዴታ፣ መቆም ክልክል፣ መጮህ ክልክል፣ አብሮ መዝፈን ክልክል። ለእያንዳንዱ ሰው ከወረቀት የታጠፈ ማጨብጨቢያ ተሰጠው። ልጆቹ መድረኩ ላይ እየዘለሉ ማይኩን ወደ ሰው ሲያዞሩት፣ መልሱ ያ የወረቀት ድምጽ ብቻ ነበር፣ ጠሽ ጠሽ ጠሽ፣ ስታዲየሙ ሙሉ።